ከምርጊት በፊት

ቤት ሲታደስ መጀመሪያ የሚነሣው ጣሪያው አይደለም፤ ዕቃው ነው። ግድግዳ የመረገ፣ ቆርቆሮ የቀየረ ወይም መደብ ያፈረሰ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ጭቃው ከመቦካቱ በፊት ጎታው ይጎተታል፤ ሳጥኑ ይወጣል፤ ከአልጋ ሥር ለዓመታት የተኛው ሁሉ ፀሐይ ያየዋል። የዛሬው ጉዳዬ ታዲያ ከጭቃው አይደለም። ዕቃው በደጅ ተዘርግፎ ቤቱ ባዶውን ከሚያድርባት ከዚያች አንዲት ቀን ነው። በዚያች ቀን የምንጠይቀው ጥያቄ ቅደም ተከተሉ የተዛባ ይመስለኛል። «ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?» እያልን እንለያለን። ከዚያ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን «የማን ነው?» የሚለው ነው።

ይህን የምጽፈው ቀን ቀን በባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል፣ ማታ ማታ ግጥም የምሞክር የሰቆጣ ልጅ ነኝ። የሰው ገንዘብ መቁጠር ቢያንስ አንድ ነገር ያስተምራል፤ በእጅ ያለ ሁሉ የባለእጁ አለመሆኑን። በመሳቢያዬ የሚያልፈው ብር ብዙ ነው፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ግን አንዲት ሳንቲም የኔ አይደለችም። ከዚህ ልማድ የተነሣ ይሆናል፣ አባታችን ካረፉ በኋላ ለሙት ዓመታቸው ተሰባስበን ቤቱን ለማደስ ዕቃ ስናወጣ ዓይኔ የሄደው ወደ ሌላ አቅጣጫ የሆነው።

ሰቆጣን የሚያውቅ አንባቢ የድንጋይ ቤቶቿን አይረሳም። የእኛም ቤት ከእነዚያ አንዱ ነው። ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ነው፤ ውስጡ በጭድና በጭቃ ይመረጋል፤ በላዩ አዛባና አመድ ይለቀለቃል። ጭዱ የጤፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን እንደ ክር ይይዘዋል። ጭቃው ውኃ ጠጥቶ፣ ተረግጦ፣ ቀናት ሰንብቶ መቡካት አለበት፤ ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይተረተራል። የዛሬ ሰው ይህን ሁሉ ትዕግሥት አይወድም፤ ሲሚንቶ ይለስናል። በጭቃ በተያያዘ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣና ግድግዳው ከውስጥ ይበላል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሥቶ ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። ጎረቤታችን ላስታ ከዚህ የከፋ አይታለች። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ላሊበላ ላይ ዝናብ እንዳይገባ በሚል ዓለቱ ሬንጅ ተቀባ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በጣሊያናዊው ሳንድሮ አንጄሊኒ የተመራው ጥገና ደግሞ ያንኑ ሲያስለቅቅ ከረመ። በዋሻ ውስጥ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ ግን እንጨትና የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቀ እንደ ተደረደረ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን እስከ ዛሬ ቆሟል። ስለ ምርጊት ብዙ ማለት እችል ነበር፤ ለሌላ ቀን ይቆየኝ።

ስለ ቤት እድሳት ካነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ የሚያስደንቀኝ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ያለው ሥርዓት ነው። ብዙዎቻችን ስለ ለምጽ የሚናገር ምዕራፍ መሆኑን እንጂ ስለ ቤት መናገሩን አናስተውልም። በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ነቁጥ የታየበት ባለቤት ሄዶ ለካህኑ ይነግራል። ካህኑ ቤቱን ሊያይ ከመግባቱ በፊት ዕቃው ሁሉ እንዲወጣ ያዛል፤ አለዚያ ቤቱ ርኩስ ነው ሲባል በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይረክሳልና። ከዚያ በኋላ ሰባት ቀን ይዘጋል፤ ደዌው ከሰፋ የተነካው ድንጋይ ተመንግሎ ከከተማ ውጭ ይጣላል፤ ግድግዳው ይፋቃል፤ ሌላ ድንጋይና ሌላ ጭቃ ይገባል። የሙያ ሰው የጻፈው የጥገና መመሪያ ይመስላል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምቆመው በመጀመሪያዋ ትእዛዝ ላይ ነው። ካህኑ ከግድግዳው በፊት ዕቃውን አሰበ። የድኻ እንስራና ምንጣፍ ከቤቱ ጥፋት እንዲተርፍ ፈለገ። የዕቃ መለየት ሥራ ከእድሳት ሥራ በፊት የመጣው በአጋጣሚ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

በዓለም ላይ ዕቃ መለየት ዛሬ ትልቅ ትምህርት ሆኗል። ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ እያንዳንዱን ዕቃ በእጅ ይዞ ደስታ ይሰጥ እንደ ሆነ መጠየቅን አስተማረች፤ ደስ የማይለው ተመስግኖ ይሰናበታል። ስዊድናዊቷ ማርጋሬታ ማግኑሶን ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. አረጋውያን ሳይሞቱ ዕቃቸውን ቀንሰው ለልጆቻቸው ሸክም እንዳይተዉ የሚመክር መጽሐፍ አወጣች። የሁለተኛዋን ምክር እወደዋለሁ፤ የሀገራችን ሽማግሌዎችም ኑዛዜ ሲናዘዙ የሚያደርጉት ከዚህ አይርቅም። የመጀመሪያዋ ጥያቄ ግን የተትረፈረፈ ቤት ጥያቄ ነው። ሱቅ ገብቶ የገዛውን፣ ዋጋውን የከፈለበትን፣ ማንም የማይጠይቀውን ዕቃ ለሚለይ ሰው ትሠራለች። የዋግ ቤት ግን የተሞላው በሱቅ ዕቃ ብቻ አይደለም። ውሰት አለበት፤ አደራ አለበት፤ መያዣ አለበት። የጎረቤት ምጣድ፣ ለማኅበር ተብሎ የተዋስነው ገንቦ፣ ወደ ሁመራ ለሥራ የሄደ ዘመድ «እስክመጣ» ብሎ የተወው ጥቅልል። እነዚህን በእጄ ይዤ ደስታ ይሰጡኝ እንደ ሆነ ልጠይቅ? ምጣዱ ደስ ቢለኝስ የኔ ይሆናል?

ወደ ቤታችን ልመለስ። ከጓዳ የወጣው ዕቃ በግቢው ሲደረደር ስናየው እኛው ደነገጥን። ሁለት እንስራ፣ አንድ አፉ የተሸረፈ ጎታ፣ ወፍጮ ከነመጁ፣ አባታችን ጨውና ነጭ ጋዝ ይሸጡበት የነበረ ሚዛን፣ ሦስት ፋኖስ፣ የተጣፈ ስልቻ፣ የእናቴ የሠርግ አገልግል። እትዬ የሴቱን ዕቃ ከእናቴ ጋር ትለይ ነበር፤ ወንድም ጋሼ የሚሸጠውንና የሚጣለውን ይቆጥር ነበር። እኔ የደረሰኝ ሳጥኑ ነው። ከታች፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አንድ የደብተር ግማሽ አገኘሁ። በአባታችን እጅ በእርሳስ የተጻፉ 11 መስመሮች አሉበት፤ የሰው ስም፣ የእህል መጠን፣ ከዚያም አንድ ዕቃ። ቀኑ ሁሉ በ1977 ዓ.ም. ውስጥ ነው።

ስለ 77 ለዋግ ሰው ማስረዳት አያሻም። ለሌላው ያህል ልበል፤ ዓለም የኮረምን ሜዳ በቴሌቪዥን ያየበት ዓመት ነው። ዝናቡ ቀርቶ፣ ጦርነቱ መንገዱን ዘግቶ፣ ሰው ከዋግ፣ ከላስታና ከራያ ወደዚያ ሜዳ የጎረፈበት። መንግሥት በዚያው ዓመትና በቀጣዩ ከመላ ሀገሪቱ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ አሰፈረ፤ ከዚያ ብዙው የወሎ ሰው ነበር፤ ሰቆጣም ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። የአባታችን ሱቅ ትንሽ እህል ቀርቶት ነበር። ሰው እየመጣ ወሰደ። ገንዘብ ያለው በገንዘብ፣ የሌለው በመያዣ።

ከ11ዱ መስመሮች 8ቱ ተሰርዘዋል፤ ከጎናቸው «ተመልሷል» ተብሏል። ከተሰረዙት አንዱ መጅ ነው፤ ከባለቤትየዋ በተወሰደ በሦስተኛው ቀን ተመልሷል። እህሉ ሳይከፈል። ምክንያቱን እናቴ ነገረችን። መጁን ይዘው የመጡት ወይዘሮ ባል የሞተባቸው ነበሩ፤ የነፍስ አባታችን ደግሞ መያዣውን ሲሰሙ ለአባታችን ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24ን አነበቡላቸው። ሕጉ ወፍጮንም የላይኛውን መጅም መያዣ አድርጎ መውሰድን ይከለክላል፤ ነፍስን መያዣ መውሰድ ነው ይላልና። ዱቄት የሌለበት መጅ ለምን ነፍስ ይባላል የሚል ካለ፣ 77ን ያየ ሰው ይጠይቅ። ወፍጮ ቤት ባልነበረበት ቀበሌ የተሰጠችውን አንዲት ቁና ስንዴ ወደ አፍ የሚያደርሳት መጁ ብቻ ነው።

በዚያው ምዕራፍ ለባንክ ሠራተኛ የሚያስደንቅ ሌላ ነገር አለ። አበዳሪ መያዣውን ለመውሰድ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ ይከለክላል፤ በደጅ ይቆማል፤ ተበዳሪው ራሱ መርጦ ያወጣለታል። ድኻ ከሆነና መያዣው ልብሱ ከሆነ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለስለታል፤ የሚተኛበት እሱ ነውና። እኛ ዛሬ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ወጥቶልን ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ከብትና ሰብል ሳይቀር፣ ለብድር ዋስትና እንዲሆን ተፈቅዷል። መልካም ሕግ ነው፤ ቤትና መሬት የሌለውን ሰው ወደ ብድር ያቀርበዋል። ነገር ግን የሙሴ ሕግ ደጅ ላይ መቆምን ያሰበበትን ያህል ያሰበ የብድር ፎርም እስካሁን አላየሁም። የተበዳሪ ጓዳ የተበዳሪው ነው። ማን ምን እንደ ቀረው፣ የትኛው ጥግ ባዶ እንደ ሆነ አበዳሪ ማየት የለበትም።

ያልተሰረዙት ሦስት መስመሮች ናቸው፤ የብር አንባር፣ በርኖስ፣ ዳዊት።

በርኖሱን ብል ጨርሶት ነበር። አንባሩና ዳዊቱ ግን እንደ ነበሩ አሉ። ዳዊቱ የብራና ነው፤ ሽፋኑ እንጨት፣ ማኅደሩ ቆዳ፤ ማንገቻው ተበጥሶ በሌላ ጠፍር ተተክቷል። እንደ ልማዱ መዝሙሩን ከነቢያት ጸሎትና ከመኃልየ መኃልይ፣ ከውዳሴ ማርያምና ከአንቀጸ ብርሃን ጋር ይዟል። ጠርዙ በጣት ብዛት ጠቁሯል። ማን እንደ ጸለየበት የሚናገረው ያ ጥቁረት ነው።

እዚህ ላይ ነው ወንድም ጋሼና እኔ የተለያየነው። ክርክሩን ሳልቀንስ ላስቀምጠው፤ ምክንያቱም ብዙ አንባቢ ከሱ ጋር እንደሚቆም አውቃለሁ።

«አርባ ዓመት አልፎታል» አለኝ። «አንተ የተማርክ ነህ። የውል ጥያቄ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገድ የለም? ያበደሩት እህል አልተከፈለም። አባታችን ያን ጊዜ ልጆቻቸውን አስርበው ነው ያበደሩት፤ ከልጆቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ጣሪያው ደግሞ ያፈሳል። አንድ ዳዊት ምን ያህል ቆርቆሮ እንደሚያወጣ ታውቃለህ?»

አውቃለሁ። ስለ ሕጉ የተናገረውም ከእውነት የራቀ አይደለም። ቢሆንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አበዳሪ ዕዳው በቀኑ ስላልተከፈለ ብቻ መያዣውን ለራሱ እንዲያደርግ የሚፈቅድን ስምምነት ዋጋ አልሰጠውም ነበር። መያዣ ያዢው ጠባቂ ነው። የሕጉን ነገር ብተወው እንኳ፣ ብራና ለባዕድ ገዢ መሸጥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 የሚመለከተው ነው፤ ያለ ፈቃድ ከሀገር የሚወጣ ቅርስ የለም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ስለተዘረፉት መጻሕፍት ለእንግሊዞች ስንጽፍ ሁላችንም ብርቱዎች ነን፤ የጎረቤትን ዳዊት ከሳጥናችን አውጥቶ ለመመለስ ስንባል ግን ይርጋ እንቆጥራለን። ይህን ለወንድም ጋሼ አልኩት፤ አልወደደውም። እውነቱን ለመናገር ንጽጽሩ ከብዷል፤ አባታችን ዘራፊ አልነበሩም። ግን ነጥቡን አላነሣም።

የረሃቡን ነገር ሲናገር ግን መልስ አልነበረኝም። እሱ በዚያ ዓመት የ7 ዓመት ልጅ ነበር። እኔ አልተወለድኩም። ከአፉ የተነጠቀውን እህል የሚያስታውስ ሰው ፊት የማያስታውስ ሰው ስለ ምሕረት ሲሰብክ መስማት ደስ አይልም። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ የተናገረችው እናቴ ናት። «መያዣውን እንመልሳለን፤ እህላችንንም እንቀበላለን» አለች።

ይህን ፍርዷን ያን ጊዜ ግማሹን ብቻ ነው የተረዳሁት። አንባሩን ያስያዙት ሴት በሕይወት የሉም፤ የልጅ ልጃቸው ግን እዚሁ ከተማ በገበያው አጠገብ ሻይ ትሸጣለች። ጠራናት። አንባሩን ስታየው የአያቷ መሆኑን አላወቀችም፤ አይታው አታውቅምና። ደብተሩን ሳነብላት ግን የአያቷን ስም ሰምታ አለቀሰች። ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ «ዕዳው ስንት ነው?» አለች። ሁለት ቁና ገብስ ነው። በዚህ ጊዜ እኔ «ተይው፣ ምን ችግር አለ» ልል አፌን ስከፍት እናቴ በዓይኗ ከለከለችኝ። ልጅቱ በማግስቱ ሁለት ቁና ገብስ በስልቻ ይዛ መጣች፤ እናቴ ሰፍራ ተቀበለች፤ አንባሩንም በሁለት እጇ ሰጠቻት። ቡና ተፈላ። ወንድም ጋሼ በእርሳሱ መስመሩን ሰረዘ። ልጅቱ አንባሩን አጥልቃ ስትወጣ እንደ ተመጸወተ ሰው አልነበረም አካሄዷ። በነጻ ብንሰጣት ኖሮ የአያቷን ውል ወደ ምጽዋት እንለውጠው ነበር። በባንክ ቤት አንድም ጊዜ እንዲህ ያለ የሒሳብ መዝጊያ አላየሁም። (ወለዱን ላሰላው ሞክሬ ነበር፤ የ77 ገብስ በምን ይመነዘራል? ተውኩት።)

የዳዊቱ ነገር ከባድ ነው። በመጨረሻው ቅጠል ላይ የባለቤቱ ስም አለ፤ ግን የክርስትና ስሙ ብቻ ነው። የሰረቀና የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚለው የተለመደ ማስጠንቀቂያም አብሮ አለ። የክርስትና ስም የሚያውቀው የነፍስ አባትና እግዚአብሔር ነው እንደሚባለው ሁሉ፣ በመንደሩ የሚጠራበት ስም በመጽሐፉ የለም። በደብተሩ ደግሞ አባታችን የጻፉት ሰፈሩን ብቻ ነው፤ የስሙ ቦታ በላብ ይሁን በእርሳሱ ደካማነት ጠፍቷል። እናቴ የምታስታውሰው በኽምጣኛ ይናገሩ እንደ ነበርና ከቤተሰባቸው ጋር ወደ መተከል፣ ወደ ጣና በለስ ሠፈራ፣ መሄዳቸውን ነው። ሲሄዱ «ዳዊቴን አደራ» ብለው ነበር። እንግዲህ መያዣው በዚያች ቃል አደራ ሆኗል፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም። መያዣ ዕዳ ሲከፈል ይወጣል። አደራ የሚወጣው ባለቤቱ ሲመጣ ነው።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ስለ ጠፋ ነገር ሲያዝዝ ወንድምህ በአጠገብህ ባይሆን ወይም ባታውቀው እንኳ ወደ ቤትህ ውሰደው፣ እስኪፈልገው ድረስ በአንተ ዘንድ ይቀመጥ የሚል ሐሳብ አለው። የጊዜ ገደብ የለበትም። ይርጋ የለበትም። መፈለግ ግን በሌላው ብቻ የተጣለ ግዴታ እንዳይመስለን። መተከል በ2012ና በ2013 ዓ.ም. በደረሰው ግድያና መፈናቀል ስንት የአገውና የአማራ ቤተሰብ ዳግመኛ እንደ ተበተነ ይታወቃል። በ77 አንዴ የተነቀለ፣ እዚያ ሥር ሰድዶ ዳግም የተነቀለ ሰው ዳዊቱን ፈልጎ ሰቆጣ ድረስ ይመጣል ብሎ መቀመጥ አለመመለስን መምረጥ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ሁሉ ሲሰሙ «የአንድ ቤት ጉዳይ ነው» ይላሉ። አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዘለቀው ጦርነት ሰቆጣንም አላለፋትም። ሰው ከነነፍሱ ሲወጣ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጠ፤ ምጣዱን ለዘመድ፣ ላሙን ለማያውቀው ሰው። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በከተማችን ዙሪያ ለረጅም ጊዜ በመጠለያ ኖረዋል፤ ከነሱ መካከል ጋቢውን፣ የሚስቱን ድሪ፣ የልጁን ብርድ ልብስ በገበያ በእህል ሲለውጥ በዓይኔ ያየሁት አለ። የለወጠው ሰው ዕቃ ዛሬ በአንዳችን ቤት አለ። ዋጋውን ከፍለናል እንላለን፤ በዚያን ቀን የተከፈለው ዋጋ ዋጋ ነው ወይ? ይህን በፍርድ ቤት የሚመረምር የለም። የሚመረመረው ዕቃው በደጅ በሚዘረገፍባት ቀን ነው። አሁን ደግሞ ከተማው ሁሉ ጣሪያ እየቀየረ፣ ግድግዳ እየመረገ ነው። ጊዜው ይህ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ለካህናቶቻችንና ለዕድር ዳኞች አቀርባለሁ። ዕድር የድንኳን፣ የድስትና የወንበር መዝገብ አለው፤ ማን ምን እንደ ተዋሰ በትክክል ያውቃል። በዚያው መዝገብ አንድ ገጽ ይከፈት፤ በየቤቱ የተገኘ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ አደራና መያዣ ይጻፍበት። ዕቃው በየቤቱ ይቆይ፤ ዝርዝሩ ብቻ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ይነበብ። ብራና፣ መስቀልና የመሳሰለው ንዋየ ቅድሳት ከሆነ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት በአደራ ደረሰኝ ይቀመጥ፤ ደረሰኝ ያልኩት አውቄ ነው። ካህናቱ ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ነገር ግን ያለ ደረሰኝ የገባ አደራ ሲሞት የሚመሰክርለት የለም። የነፍስ አባቶችም ሰው ሲናዘዝ ስለ ጾምና ስለ ሰንበት እንደሚጠይቁት ሁሉ «በቤትህ የሰው ዕቃ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የኔ የነፍስ አባት ይህን ሳቀርብላቸው ሳቅ ብለው «እንዲህ ብጠይቅ ንስሐ የሚገባ ይቀርብኛል» አሉ። ቀልዳቸው ግማሽ ቀልድ ነው።

በዚህ አገር ነገር መጠበቅ አዲስ አይደለም። ከከተማችን ወጣ ብሎ ባለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የጥንት የዋግ ገዢዎች አስከሬን በሣጥን ሆኖ እስከ ዛሬ ተጠብቋል። የጌቶችን አጥንት ያን ያህል ዘመን የጠበቀ ሕዝብ የአንድ ስደተኛ ገበሬ ዳዊት ለመጠበቅ አቅም አያጣም። እዚህ ላይ የንጉሥ ኢዮስያስን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በሁለተኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 22 እንደ ተጻፈው፣ የሕጉ መጽሐፍ የተገኘው ቤተ መቅደሱ ሲጠገን ነው። ማንም ሊፈልገው አልሄደም። ለአናጢና ለድንጋይ ጠራቢ ገንዘብ ሲወጣ፣ ፍርስራሹ ሲነሣ ካህኑ ኬልቅያስ አገኘው። የተገኘው መጽሐፍ ንጉሡን ደስ አላሰኘውም፤ ሲነበብለት ልብሱን ቀደደ። (በዚያው ምዕራፍ ለሠራተኞቹ የተሰጠው ገንዘብ በታማኝነት ስለሚሠሩ ሒሳብ እንዳልተጠየቀበት ይናገራል። ይህን ለኦዲተሮቻችን አነበብኩላቸው፤ አንዱም አልተስማማም።)

ግጥም ሞካሪ መሆኔን ቀድሜ ተናግሬአለሁና በዚያ ሰሞን የወጣችኝን ላካፍላችሁ፤

የአባቴ ሳጥን ሁለት ቁልፍ አለው፤
አንዱ በኔ እጅ ነው፣ አንዱ መተከል ነው።
ክፈት ይለኛል ሰው፤ ምን ሥልጣን አለኝ፣
ባለቤቱ መጥቶ «የኔ ነው» እስኪለኝ።

ወንድም ጋሼ ግጥሟን ሰምቶ «ቆርቆሮ አትሆንም» አለ። ልክ ነው። ቆርቆሮውን የገዛው ከድርሻው ሁለት ፍየል ሸጦ ነው፤ እኔ ለምስማሩና ለማገሩ አዋጣሁ። ምርጊቱን እትዬና ጎረቤቶች መረጉት፤ የቦካው ጭቃ ሳይሰነጠቅ ደርቋል። ዳዊቱ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ነው፤ ደረሰኙ በሳጥኑ ክዳን ውስጥ ተለጥፏል። ቅጠሎቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ዲያቆን ገልጦ ይደግምበታል። የክርስትና ስሙን ጽፈን ለፓዌ ካህናት በሰው እጅ ልከናል፤ ሁለት ጊዜ። ከመጀመሪያው መልስ አልመጣም። ሁለተኛውን የወሰደው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ለፋሲካ እመለሳለሁ ብሏል።